ፋይል ኤክስፕሎረር ሲንቀራፈፍ፦ ሴቲንግ፣ ሌላ ፕሮግራም፣ ኤስ ኤስ ዲ ወይስ ፎርማት?

በፋይል ኤክስፕሎረር፣ ማለትም በዊንዶውስ የፋይል ማያ መስኮት፣ ፎልደር ትከፍታላችሁ። መስኮቱ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማውዙ ቀለበት ይሽከረከራል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል። አንዳንዴ የታችኛው ታስክባርም አብሮ ስታክ ያደርጋል። ለዚህ ችግር እኛ ዘንድ በብዛት የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አስደርገው።»

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ አንዳንዴ ይሠራል። ግን ካሉት አማራጮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚበላውና ብዙ ፋይል የሚያስጠፋው እሱ ነው። ችግሩ የመጣው ከአንድ ተጨማሪ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም መልሳችሁ በጫናችሁ ማግስት ችግሩም ይመለሳል። በሌላ በኩል ሀርድ ዲስካቸው ሊሞት ተቃርቦ ሳለ ሴቲንግ ሲነካኩ የሚከርሙ አሉ። ሁለቱም ወገን የሳተው አንድ ነገር ነው፦ ኤክስፕሎረሩ የት ላይ እንደሚቆም ሳያዩ መድኃኒት መረጡ።

እዚህ መፍትሔዎቹን እርስ በርስ እናወዳድራቸዋለን። የቱ ለየትኛው ችግር ይሆናል? ምን ያስከፍላል? ምን አይፈታም? የምናወራው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

## የት ላይ ነው የሚቆመው?

«ኤክስፕሎረሩ ቀርፋፋ ነው» ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። አራት ዓይነት መዘግየት አለ፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው ገና ሲከፈት የሚመጣው ነው። ምንም ፎልደር ሳትመርጡ፣ ቢጫዋን ምልክት እንደተጫናችሁ ይቆማል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻ ገጹ፣ ከተቋረጠ የኔትወርክ ድራይቭ ወይም ከክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ከሚቀመጥ ፋይል) ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው አንድ የተወሰነ ፎልደር ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ሌላው ሁሉ ቶሎ ይከፈታል፣ ዳውንሎድስ ግን እንቢ ይላል። ሦስተኛው ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ የሚመጣው ነው። አራተኛው አንድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሲሰካ ብቻ ብቅ የሚለው ነው።

ክሮሙም፣ ዎርዱም፣ ሁሉም ነገር ከቀረፈፈ ግን ኤክስፕሎረርን አትውቀሱ። ዲስኩን ወይም ራሙን ወደሚመለከተው ክፍል ዝለሉ።

## ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ወይስ ኤክስፕሎረርን ብቻ?

ኤክስፕሎረር ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ፎልደር ብቻ አይደለም የሚከፍተው። ታስክባሩንና ዴስክቶፑንም የሚያሳየው እሱ ነው። ሲቆም ሁሉንም ይዞ የሚቆመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭናችሁ ኮምፒውተሩን ከመግደላችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» የሚለውን መርጣችሁ «ሪስታርት» በሉት።

ታስክባሩ ለቅጽበት ጠፍቶ ይመለሳል፣ አትደንግጡ። ዎርድ ላይ ሴቭ ያላደረጋችሁት ጽሑፍ አይነካም። አንድ ነገር ግን ይቋረጣል፦ በመካሄድ ላይ ያለ ኮፒ። ፋይል የሚገለብጠው ራሱ ኤክስፕሎረር ነውና። ትልቅ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ እየሄደ ከሆነ እስኪጨርስ ታገሡ።

ችግሩ በወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ይህ ይበቃል፣ ሌላ ነገር አትንኩ። በየቀኑ ከሆነ ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ስለ ሪስታርት ካነሣን፦ አጥፍቶ ማብራትና ሪስታርት ማድረግ አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ኮምፒውተሩን ስታጠፉ የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ስታበሩት ካቆመበት ይቀጥላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል። የድራይቨር (የኮምፒውተሩን ዕቃ የሚያሠራው ፕሮግራም) ችግር ካለ አጥፍታችሁት ብታድሩም ጠዋት እዚያው ልታገኙት ትችላላችሁ።

## ሲከፈት የሚዘገይ ከሆነ፦ ሆም ወይስ ዚስ ፒሲ?

ዊንዶውስ 11 ኤክስፕሎረርን ሲከፍት «ሆም» የሚባለውን ገጽ ያሳያል። በዊንዶውስ 10 ላይ «ኩዊክ አክሰስ» ይባላል። ገጹ በቅርብ የከፈታችኋቸውን ፋይሎች ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ አሁን በሌለ ፍላሽ ላይ፣ በጠፋ የኔትወርክ ኮምፒውተር ላይ ወይም በክላውድ ላይ ያለ ፋይል ካለ መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ኢንተርኔቱ ደካማ ሲሆን ይብሳል።

ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ገጹን ማጽዳት፣ ወይ ጨርሶ ሌላ ቦታ እንዲከፈት ማድረግ። ሁለቱም «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ይገኛሉ። በዊንዶውስ 11 ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ቪው» ከሚለው ሥር ነው። «ፕራይቨሲ» ከሚለው ጎን ያለውን «ክሊር» ስትጫኑ የቅርብ ታሪኩ ይጠፋል። ፋይሎቹ ራሳቸው አይነኩም፣ በእጃችሁ «ፒን» ያደረጋችኋቸው ፎልደሮችም ይቆያሉ። እዚያው የቅርብ ፋይሎችንና ከኦፊስ የሚመጡትን አታሳይ ብላችሁ ምልክታቸውን ማንሣት ትችላላችሁ። እኔ በግሌ የኦፊሱን ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። ዳታ ቆጥሮ ለሚጠቀም ሰው ፎልደር በከፈተ ቁጥር ክላውድ መጠየቅ ምን ይጠቅመዋል?

ሁለተኛው ምርጫ ከላይ ያለውን «ኦፕን ፋይል ኤክስፕሎረር ቱ» ወደ «ዚስ ፒሲ» መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ስትከፍቱ ሲ፣ ዲ እያለ ዲስኮቻችሁን ያሳያችኋል። በአብዛኛው የሚፈጥነው ይህ ነው። በአንድ ሁኔታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቢሮ ላፕቶፕ ይዛችሁ ቤት ገብታችኋል እንበል። ከቢሮው ሰርቨር ጋር የተያያዘ ድራይቭ፣ ዜድ ወይም ሌላ ፊደል ያለው፣ አሁን ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ዚስ ፒሲ ያን ድራይቭ አለህ ወይ ብሎ ስለሚፈልገው መልስ እስኪያጣ ድረስ ያቆያችኋል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ሆም ይሻላል። ድራይቩን የማትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ዲስኮኔክት» በሉትና ተገላገሉ።

ዊንዶውስ 11 አዲስ ጭነት እንኳ ሆኖ ከ10 ይልቅ ኤክስፕሎረር ለመክፈት ትንሽ የሚያመነታ መስሎ ከተሰማችሁ፣ ስሜታችሁ አላታለላችሁም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2025 መጨረሻ ኤክስፕሎረርን ቀድሞ ከበስተጀርባ ጭኖ ማቆየትን ለሙከራ ተጠቃሚዎቹ አቅርቧል። ቶሎ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ይህ ባላስፈለገ ነበር።

## አንድ ፎልደር ብቻ ሲያስቸግር

እዚህ ዋናው ተከሳሽ ዳውንሎድስ ነው። ቴሌግራም ደስክቶፕ የሚያወርደው ሁሉ በነባሪው የሚገባው ዳውንሎድስ ውስጥ ባለች በራሱ ስም በተጠራች ፎልደር ነው። ፒዲኤፍ፣ ፎቶ፣ ግማሹ የወረደ ፊልም፣ ዚፕ፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል።

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፎልደር «ይህ የፎቶ ነው፣ ይህ የቪዲዮ ነው» የሚል ግምት ይይዛል። የቪዲዮ ነው ብሎ ከገመተ የእያንዳንዱን ፋይል ርዝመትና ዝርዝር መረጃ ለማውጣት ፋይሉን ውስጡ ገብቶ ያነባል። ከላይ በአድራሻው መስመር ላይ አረንጓዴ መስመር እየተጎተተ የምታዩት ያኔ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ከስተማይዝ»፣ ከዚያ «ጄኔራል አይተምስ» የሚለውን መምረጥ። ከሥሩ ለውስጥ ፎልደሮችም እንዲሠራ የሚያደርገውን ምልክት አድርጉበት። ዳውንሎድስ በቀን ተከፋፍሎ የሚታይ ከሆነ «ግሩፕ ባይ» የሚለውን «ነን» አድርጉት።

የዚህ ተፎካካሪ «ኦልዌይስ ሾው አይከንስ፣ ኔቨር ተምኔይልስ» የሚለው ነው። ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ «ቪው» ከሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ይህን ስታበሩ የፎቶና የቪዲዮ ትንንሽ ምስሎች በሙሉ ይጠፋሉ፣ በምትካቸው ምልክት ብቻ ይቀራል። ይፈጥናል። ግን የሚነካው ሁሉንም ፎልደር ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ምንም አይጎድልባችሁም። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ሲደረደር ሥራ ቆመ ማለት ነው። ለእናንተ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ከዚያ ላይ ፎልደሩን በሥራ በሥራ መከፋፈል።

አንድ ሰዎች የማይጠረጥሩት ነገር አለ። የተበላሸ ወይም ግማሹ የወረደ አንድ ቪዲዮ ብቻውን ፎልደሩን በሙሉ ሊያቆም ይችላል። ዊንዶውስ ትንሿን ምስል ለማውጣት ሲታገል እዚያው ይቀራል። ትንንሽ ምስሎቹን ለጊዜው አጥፉና ግቡ። ፎልደሩ ያኔ በቀላሉ ከተከፈተ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። ሳያልቁ የቀሩትን ሰርዙ፣ ከዚያ ምስሎቹን መልሱ።

## ቀኝ ክሊክ ላይ ሲቆም

ከሁሉም ይበልጥ ሰው በከንቱ ፎርማት የሚያስደርግበት ይህ ነው።

ዊንራር ስትጭኑ ቀኝ ክሊክ ሜኑው ላይ የራሱን መስመር ይጨምራል። አንቲቫይረሱም ይጨምራል። የክላውድ ፕሮግራሙ፣ ፒዲኤፍ መቀየሪያው፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ ሁሉም ይጨምራሉ። እነዚህ ሼል ኤክስቴንሽን ይባላሉ፣ የሚሠሩትም ኤክስፕሎረር ውስጥ ገብተው ነው። ነገሩ ከእድር ገንዘብ ማውጣት ጋር ይመሳሰላል፦ ሦስቱም ፈራሚ ካልተገኙ ብሩ አይወጣም፣ አንዱ ከቀረ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ኤክስቴንሽን መልስ ሲያዘገይ ሜኑው በሙሉ ይዘገያል። አንዱ ሲወድቅ ኤክስፕሎረር አብሮ ይወድቃል።

በዊንዶውስ 11 ላይ ቀላል መፈተኛ አለ። አጭሩ አዲሱ ሜኑ ቶሎ ወጥቶ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለው ላይ ከዘገየ፣ በአሮጌው መንገድ የተጨመረ ነገር አለ ማለት ነው።

ለማስወገድ አራት መንገድ አለ። ከሁሉ የሚቀለው ፕሮግራሙን ማጥፋት ነው። የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ማንሣት ምንም አያከራክርም። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ዚፕ መፍቻ፣ ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖ ይገኛል። በተለይ ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ካለ ሌላ ነገር ሳትፈልጉ አንዱን አውጡ። ሁለቱም አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ሊፈትሹ ሲሻሙ ኤክስፕሎረሩ መሀል ላይ ይቀራል።

ፕሮግራሙን የምትፈልጉት ከሆነ መጀመሪያ የራሱን ሴቲንግ እዩ። ዊንራርም ሰቨን ዚፕም ከሜኑው ራሳቸውን የሚያነሱበት ምርጫ አላቸው። ይህ ንጹሕ መንገድ ነው፣ ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማወቅን ይጠይቃል።

ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ሼል ኤክስ ቪው አለላችሁ። ኒርሶፍት የሚያወጣው ነፃና ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስትከፍቱት ኤክስቴንሽኖቹን በሙሉ ይዘረዝራል፣ የማይክሮሶፍት ያልሆኑትን በሮዝ ቀለም ያሳያል። ሮዞቹን በሙሉ መርጣችሁ ኤፍ 7ን ተጫኑ። ይቆማሉ እንጂ አይሰረዙም። ኤክስፕሎረርን ሪስታርት አድርጉ። ቀኝ ክሊኩ ከፈጠነ ተጠያቂው ከመካከላቸው ነው። ከዚያ ግማሾቹን መልሱ። አሁንም ፈጣን ከሆነ ከቀሩት ውስጥ ነው፣ ከዘገየ ከመለሳችኋቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ግማሽ ግማሽ እያላችሁ ስትሄዱ ሠላሳ ቢሆኑም በአምስት ዙር ትጨርሳላችሁ። አንድ በአንድ ከመሞከር ይህ በጣም ይሻላል። ማይክሮሶፍት ያወጣቸውን ግን አትንኩ።

አራተኛው የማይክሮሶፍቱ ሲስኢንተርናልስ ያወጣው አውቶራንስ ነው። «ኤክስፕሎረር» የሚል ክፍል አለው። ኃይለኛ ነው፣ ቫይረስ የሚደበቅባቸውን ብዙ ቦታዎች ያሳያል። ግን ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጫነውን ሁሉ አብሮ ስለሚያሳይ አንድ የተሳሳተ ምልክት ማንሣት ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ለባለሙያ ተዉት። ለአብዛኛው ሰው ሼል ኤክስ ቪው ይበቃዋል።

## ፎርማት እና ከእሱ በፊት ያሉት

ፎርማት ከማለታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ፦ አዲስ ዩዘር ፍጠሩ። «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ» ውስጥ ነው። በአዲሱ ዩዘር ግቡና ኤክስፕሎረርን ክፈቱ። እዚያ ፈጣን ከሆነ ዊንዶውሱ ጤነኛ ነው። ችግሩ በድሮው ዩዘር ሴቲንግ ውስጥ ነው። ፋይሎቻችሁን ወደ አዲሱ አዛውራችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ይህ ፈተና ብር አያስወጣም፣ ዳታ አይበላም። ለምን ብዙ ሰው እንደማይሞክረው አይገባኝም።

በአዲሱም ዩዘር ከቀረፈፈ ሁለተኛው እርምጃ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ማስመርመር ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ትከፍታላችሁ። ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ የሚሉትን ፊደላት ትጽፋላችሁ። ከዚያ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ስካን እና ናው ተያይዘው። የተበላሸ የሲስተም ፋይል ካለ ይተካል። እውነቱን ለመናገር ለኤክስፕሎረር መቀርፈፍ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። መብራት እየጠፋ ተደጋግሞ ድንገት የተዘጋ ዴስክቶፕ ላይ ግን መሞከሩ ተገቢ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ዊንዶውስን በላዩ ላይ መልሶ መጫን አለ። የዊንዶውስ 11ን ወይም የ10ን ሙሉ የመጫኛ ፋይል አውርዳችሁ፣ ዊንዶውሱ ክፍት እያለ ከውስጥ ታስጀምሩታላችሁ። «ፋይሎቼንና ፕሮግራሞቼን ጠብቅ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ሲስተሙ ይታደሳል፣ ዎርዱም ፎቶውም ባለበት ይቆያል። ዋጋው ዳታ ነው፣ ፋይሉ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ይሆናል። የቋንቋውና የእትሙ ዓይነት ከተጫነው ጋር መግጠም አለበት። ጥሩ ኢንተርኔት ካላችሁ ከፎርማት ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

«ሪሴት ዚስ ፒሲ» ደግሞ መሀል ላይ ያለ ነው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ካላችሁት ፋይሎቻችሁን ይጠብቃል፣ የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች ግን ያነሣል።

ሙሉ ፎርማት የሚያዋጣው መቼ ነው? ቫይረስ ሥር ከሰደደ፣ ወይም የተጫነው ዊንዶውስ ማን እንደቀያየረው የማይታወቅ፣ የአክቲቬሽን መስበሪያ የተጨመረበት ከሆነ። በዚህ ጊዜ መጠገን ልፋት ነው። ከማስደረጋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ሲሏችሁ እውነት ነው፣ ግን ዴስክቶፕ ላይ ያለው፣ ዳውንሎድስና ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለው በነባሪው ሲ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ፎርማት ያስደረገ ተማሪ ታሪክ የማያውቅ ቴክኒሻን የለም። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም ፎንቱን አብራችሁ ያዙ። ያለ እሱ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነው የምታዩት።

## ሌላ ፋይል ማናጀር ብንጭንስ?

ይህ ጥሩ አማራጭ ነው፣ ግን ምን እንደማይፈታ እንወቅ። ኤክስፕሎረር አይጠፋም። ታስክባሩን የሚያሳየው አሁንም እሱ ነው። ዎርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ስትሉ የሚመጣው መስኮትም የዊንዶውሱ የራሱ ነው። ዲስኩ የታመመ ከሆነ የትኛውም ፋይል ማናጀር እዚያው ይቆማል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀኝ ክሊክ ላይ ያንኑ የዊንዶውስ ሜኑ ስለሚጠሩ የሼል ኤክስቴንሽን ችግር ይከተላችኋል። የሚጠቅሙት የኤክስፕሎረሩ መስኮትና መነሻ ገጽ ራሱ ሲከብድ፣ ወይም ብዙ ኮፒ የምታደርጉ ከሆነ ነው።

ቶታል ኮማንደር አንጋፋው ነው። ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር ከ1993 ጀምሮ ሲያወጣው፣ እስከ 2002 ድረስ ዊንዶውስ ኮማንደር ይባል ነበር። ሁለት ሰሌዳ ጎን ለጎን ያሳያል፦ በግራ ኮምፒውተሩ፣ በቀኝ ፍላሹ። ኤፍ 5ን ስትጫኑ ከዚህ ወደዚያ ይገለብጣል። ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ነው፣ በጣም ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ይከፈታል። መልኩ ግን እንደ ዕድሜው ነው። የሚከፈልበት ሲሆን፣ ሳትከፍሉ ስትሞክሩት በተከፈተ ቁጥር አንዲት ቁጥር እንድትጫኑ ይጠይቃችኋል።

ደብል ኮማንደር አሠራሩ ያው ሆኖ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በሊኑክስም በማክም ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ፋይል የሚያመላልስ ሰው፣ ለምሳሌ ፎቶ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ከሁለቱ አንዱን ይልመድ። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ኤክስፕሎረር መመለስ ይከብዳል።

ለመልመድ ጊዜ የሌለው ሰው ኤክስፕሎረር ፕላስ ፕላስን ይሞክር። የድሮውን ኤክስፕሎረር ይመስላል፣ ነፃ ነው፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። «ፋይልስ» የሚባለው ነፃ አፕ ከሁሉም መልኩ ያምራል። ግን 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ አልመክረውም። ከክብደት እየሸሻችሁ ወደ ክብደት መግባት ይሆናል። ዳይሬክተሪ ኦፐስ በ1990 በአሚጋ ኮምፒውተር የጀመረ፣ ችሎታው ብዙ፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል የሆነ የባለሙያ ዕቃ ነው። ለቤት አገልግሎት አያስፈልግም።

የሚያማርራችሁ ፍለጋው ብቻ ከሆነ ደግሞ ፋይል ማናጀር አትቀይሩ። ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። የዲስኩን የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ ስም ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ውጤቱን ያሳያል። ከዚህ ሁሉ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ጫኑ ብባል እሱን ነው የምለው።

## ዲስኩ ራሱ ሲሆን

ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱ። ዲስኩ 100 ከመቶ ተይዟል፣ የሚያነበው ግን በሴኮንድ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ይህ የሀርድ ዲስክ ምልክት ነው። ሜሞሪው ከ90 ከመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የራም ነው።

ኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ወይስ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ)? ላፕቶፑ አሁንም የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ካለው መልሱ ኤስ ኤስ ዲ ነው፣ ብዙም አያሟግትም። ሀርድ ዲስክ አንዲት ትንሽ ፋይል ለማግኘት ወደ 10 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፣ የማንበቢያ ክንዱ መንቀሳቀስ አለበት፣ ሳህኑ መዞር አለበት። ኤስ ኤስ ዲ 0.1 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ነው። ፎልደር መክፈት ማለት ብዙ ትንንሽ ነገር ማንበብ ማለት ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። 2.5 ኢንች ሳታ ኤስ ኤስ ዲ አብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በሀርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል። 4 ጊጋ ራም ያለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ወደ 8 ቢያድግ ጥሩ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ከሆነ መጥፎ ነው። ቢጫም ቀይም ካያችሁ እስካሁን ያልኩትን ሴቲንግ ሁሉ ተዉት። የመጀመሪያው ሥራ ፋይል ማዳን ነው። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁን፣ ፎቶውን፣ ሰነዱን ገልብጡ፣ ፊልሙ ይቆይ። ባክአፕ ሳትይዙ ዲስክ ጠግን የሚለውን ረጅም ፍተሻ አታስጀምሩ። የደከመን ዲስክ ዳር እስከ ዳር ማስነበብ የቀረውን ዕድሜ ሊጨርስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት ማድረግም ማታለያ ነው። ለጥቂት ጊዜ የዳነ ይመስላል፣ ከዚያ ይብሳል።

ኤክስተርናል ዲስክ ከሆነ ሲተኛ ቆይቶ ሲቀሰቀስ ጥቂት ሴኮንድ መዘግየቱ ጤነኛ ነው። ፍላሽ ላይ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካገኛችኋቸው ቫይረስ ነው። አትጫኗቸው፣ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። በርካሽ የተገዛ «2 ቴራ ባይት» ፍላሽ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ መጠኑ ውሸት ሊሆን ይችላል። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ አንብቦ ያረጋግጥላችኋል። ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምራችሁት እደሩ።

## ቴክኒሻን ጋር ከሄዳችሁ

«ፎርማት አድርግልኝ» አትበሉ። ያላችሁትን ያደርጋል፣ በቃ። ያያችሁትን ንገሩት፦ «ቀኝ ክሊክ ላይ ይቆማል፣ በአዲስ ዩዘርም ያው ነው፣ የዲስኩ ጤና ሰማያዊ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር የሰማ ቴክኒሻን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ኤስ ኤስ ዲ የሚቀይርላችሁ ከሆነ ሁለት መንገድ እንዳለ እወቁ። ወይ የድሮው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፣ ወይ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል። መገልበጡ ፕሮግራሞቻችሁን ያተርፋል፣ ግን የድሮውን ሴቲንግና ኤክስቴንሽን ከነችግሩ ይዞ ይመጣል። ቀኝ ክሊኩ ያስቸግር ከነበረ አዲስ አስጭኑ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ አንድ ነገር አስቡ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፣ የኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን። ላፕቶፑ ይህን የሚያሟላ ከሆነ ዲስክ ስታስቀይሩ አብራችሁ ወደ 11 አሻግሩት። የማያሟላ ከሆነ በጉልበት 11ን ከመጫን ይልቅ ሊኑክስ ሚንትን (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ኤስ ኤስ ዲ ላይ አስጭናችሁ ሞክሩት። ዎርድ፣ ብራውዘርና ፊልም ለሚበቃው ሰው ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ ኔሞ የሚባለው ፋይል ማናጀሩም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም። የድሮውን ሀርድ ዲስክ ግን ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት። በርካሽ የሚገኝ የዩኤስቢ ማቀፊያ አስገቡለትና ባክአፕ መያዣ አድርጉት።